በሳምንት ውስጥ የመጣ ነገር እርጅና አይደለም

ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። መሥሪያ ቤቱ ቢያሰናብተኝም ሰፈሩ አላሰናበተኝም፤ «ሲስተር፣ እስቲ እማማን እያቸው»፣ «ሲስተር፣ አባባ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል አልቀምስ ብለዋል» እያለ በሬን የሚያንኳኳ አይጠፋም። ስደርስ ብዙውን ጊዜ ቤተሰቡ ፍርዱን ሰጥቶ ይጠብቀኛል፦ «ያው እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል»። ታዲያ እኔን ለምን ጠሩኝ?

እኔ የምጠይቀው የመጀመሪያው ጥያቄ «ከመቼ ጀምሮ?» የሚለው ነው። እርጅና የሚሠራው በዓመታት ነው። ጉልበት በአንድ ሌሊት አይከዳም። ጆሮ በሳምንት አይደፈንም፤ ከተደፈነም ኩክ ሊሆን ይችላል። ሐሙስ ዕለት ልጆቻቸውን በስም ሲጠሩ የነበሩ ሰው እሑድ ማን እንደሆኑ ቢጠፋቸው አእምሯቸው ስላረጀ አይደለም። በቀናት ውስጥ የመጣ ለውጥ ምክንያት አለው፦ ኢንፌክሽን፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት፣ የውሃ ማነስ፣ ማንም ያላየው መውደቅ። አብዛኛው ደግሞ ይታከማል። እዚህ የምጽፍላችሁ ቀስ ብሎ የሚመጣውን እንዴት እንደምታስተናግዱ፣ ድንገት የመጣውን ደግሞ እንዴት እንደምትለዩ ነው።

ደብተር ግዙ

ሐኪም ፊት ስትቀርቡ «በፊት እንዴት ነበሩ?» ትባላላችሁ። «ደህና ነበሩ» መልስ አይሆንም። እኔ በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ሲያልፍ ስለ እናቴ አንድ ገጽ እጽፋለሁ። ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሳታርፍ ትሄዳለች ወይስ መንገድ ላይ ትቀመጣለች? ዶሮ ወጡን ከጀመረች ትጨርሳለች ወይስ ሽንኩርቱን አቁላልታ ለሌላ ሰው ትተወዋለች? ሱቅ ሄዳ መልስ ትቆጥራለች? መድኃኒቷን ራሷ ታስታውሳለች? ክብደቷስ? ሳይፈልጉት በስድስት ወር ወይም በዓመት ውስጥ ከክብደታቸው 5 በመቶ ከቀነሱ፣ ማለትም 60 ኪሎ የነበሩ ሰው 3 ኪሎ ካጡ፣ «ሽማግሌ ከሲታ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ አስመርምሩ።

ከዚህ ሌላ መሣሪያ የማይፈልጉ ሁለት ፈተናዎች አሉ። አንደኛው፦ መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ ከወንበሩ 3 ሜትር ርቀት ላይ ወለሉን ምልክት አድርጉበት። ተነሥተው እንደ ልማዳቸው ተራምደው፣ ምልክቱ ጋ ዞረው፣ ተመልሰው ይቀመጡ። ከዘራ ካላቸው ይያዙ። 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከወሰደባቸው የመውደቅ ስጋት አለ። ሁለተኛው፦ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ተነሥተው ይቀመጣሉ? ከ70 እስከ 79 ዓመት ያሉ ሴት ከ10 በታች፣ በ80ዎቹ መጀመሪያ ያሉ ደግሞ ከ9 በታች ከሆነ እግራቸው እየደከመ ነው። ወንዶች ከዚህ አንድ ሁለት ከፍ ማለት አለባቸው። እናንተም አጠገባቸው ቆማችሁ ሞክሩት፤ የቢሮ ሰው ከሆናችሁ ትደነግጣላችሁ።

ዓይን

የ60 ዓመት ሰው ዓይን ውስጥ የሚገባው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ዓይን ውስጥ ከሚገባው አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ብሌኑ ይጠብባል፣ ሌንሱም ይደፈርሳል። ስለዚህ ለእናንተ በቂ የሆነው አምፖል ለእናታችሁ ጨለማ ነው። መጸዳጃ ቤትና ደረጃ ላይ ያለውን አምፖል ጠንከር ባለ ቀይሩ። የደረጃውን ጠርዝ ደማቅ ቀለም ቀቡት ወይም ፕላስተር ለጥፉበት። ነጭ ሲኒ ነጭ ጨርቅ ላይ ስታስቀምጡ ካልታያቸው አትገረሙ።

የዓይን ሞራ በአገራችን ቀዳሚው የዓይነ ስውርነት ምክንያት ነው። የሚያሳዝነው ቀዶ ሕክምናው አጭር መሆኑ ነው፤ ብዙ ሰው «በዚህ ዕድሜ ዓይኔን አላስነካም» እያለ ዓመታት ይቀመጣል። ግላኮማ ደግሞ ሌላ ነው። አያምም፣ ከዳር ከዳር ይበላል፣ የበላውን አይመልስም። ከ40 ዓመት በኋላ የዓይን ግፊት ማስለካት፣ በተለይ በቤተሰብ ውስጥ በዚህ የታወረ ካለ፣ ግዴታ እንደሆነ ቁጠሩት።

ጆሮ፣ ከሁሉ የተናቀው

ጆሮ ሲያረጅ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው። ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ቸ የሚባሉት በዚያ በኩል ስላሉ ቃሉ ተቆራርጦ ይደርሳል። አባታችሁ «እሰማለሁ፣ ግን አይገባኝም» ሲሉ እውነታቸውን ነው። የልጆችና የሴቶች ድምፅ ይበልጥ ያስቸግራቸዋል፤ «የወንድሜን ትሰማለህ፣ የእኔን ግን አትሰማም» ብላ የምታኮርፍ ልጅ አባቷን ትበድላለች። መጮኽ አይረዳም፤ ስንጮኽ ድምፃችን ይቀጥናል፣ ፊታችንም ይቆጣል።

እንዲህ አድርጉ። ቴሌቪዥኑን ዝጉ። ፊት ለፊት፣ ብርሃን እናንተ ፊት ላይ እንዲያርፍ ሆናችሁ ተቀመጡ። መጀመሪያ ጠርታችኋቸው ሲያዩአችሁ ተናገሩ። ድምፃችሁን ወፈር፣ ንግግራችሁን ዘግየት አድርጉ። ካልገባቸው ያንኑ ቃል አትድገሙ፤ በሌላ ቃል ለውጡት። «ሰኞ ቀጠሮ አለዎት» ካልያዙት «ከነገ ወዲያ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» በሉ።

ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ጆሯቸውን አሳዩ፤ ኩክ ከሆነ በቀላሉ ይወጣል። በክብሪት እንጨትና በጸጉር ማስያዣ መጎርጎር፣ ነጭ ሽንኩርት ዘይት መጨመር ይቅር። ኩክ ካልሆነ የመስማት ምርመራ ይደረግላቸውና መስሚያ መሣሪያ ቢያስፈልግ ለመልመድ ሳምንታት እንደሚፈጅ እወቁ። መጀመሪያ ቀን አውልቀው መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል። በቀን ለአንድ ሰዓት፣ ጸጥ ባለ ቤት፣ ከአንድ ሰው ጋር እያወሩ ይጀምሩ። ይህን ያህል የምጨቀጭቃችሁ በምክንያት ነው፤ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2024 የመርሳት በሽታን ስጋት የሚጨምሩ ልንቀንሳቸው የምንችላቸው 14 ነገሮችን ሲዘረዝር የመስማት ችግር ከነሱ አንዱ ነበር። ከዚያም በላይ ጨዋታ የማይሰማ ሰው ከጨዋታ ይወጣል። ዕድር ላይ ዝም ብለው የሚቀመጡትን ሁሉ «ጃጅተዋል» አትበሉ፤ ግማሾቹ አልሰሙም።

እግር፣ ደረጃ፣ ወለል

ጡንቻ ከ30ዎቹ ጀምሮ እየሳሳ ይሄዳል፣ ከ60 በኋላ ይፈጥናል። ይህ አይቀርም፤ ግን ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ አንድ ጥናት ላይ ቦስተን አካባቢ በአረጋውያን መኖሪያ ያሉ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 90 የሆነ ሰዎች ለስምንት ሳምንት በእግራቸው ክብደት ሲያነሡ የእግራቸው ጉልበት ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። ዘጠና ዓመት! ስለዚህ «ይረፉ፣ እኛ እናመጣለን» እያላችሁ ከወንበር እንዳይነሡ ማድረጋችሁ ክብር መስሏችሁ እግራቸውን እየነሣችኋቸው ነው። ውሃውን ራሳቸው ይቅዱ። ስልኩ ሲጠራ ራሳቸው ይነሡ።

ስፖርቱ ቀላል ነው። ጠዋትና ማታ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ አምስት ጊዜ ጀምሮ ወደ አሥር። ጠረጴዛ ይዞ ተረከዝ ከፍ ዝቅ ማድረግ። ጠረጴዛ ይዞ በአንድ እግር መቆም። ጉልበት ትንሽ ቢያም ችግር የለም፤ ካበጠና ከተቃጠለ ግን ተዉት። በርጩማውንና ዱካውን ከሳሎን አውጡት፤ ቡና ላይ ሁሉም ዝቅ ብሎ ቢቀመጥ እሳቸው ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ ማንም አይቀየማቸውም።

እኛ የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለም። ከድሮው ሰፈር ተነሥተው እንዲህ ያለ ፎቅ የደረሳቸው ብዙ አረጋውያን ከዚያ ቀን ጀምሮ ፀሐይ የሚያገኙት በመስኮት ነው። ከተቻለ ከምድር ቤት ነዋሪ ጋር በኪራይ ተለዋወጡ። ካልተቻለ በየሁለት ፎቁ ማረፊያ ላይ ወንበር አስቀምጡ፤ ጎረቤት ቢያጉረመርም ነገ የእሱም እናት ትቀመጥበታለች። ብየዳ ቤት ሄዳችሁ ከግድግዳው በኩል ሁለተኛ መደገፊያ አሠሩ። አንድ እግር ለሚያማቸው፦ ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ ያመመው ይቅደም።

ከዘራ ከሟች አባት የተወረሰ ስለሆነ ብቻ አይያዝም። ጫማ አድርገው ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ እጃቸውን ወደ ታች ይልቀቁ፤ የከዘራው እጀታ የእጅ አንጓቸው ጋ መድረስ አለበት። ከረዘመ አስቆርጡት። ጫፉ ላይ ላስቲክ ይግባለት። የሚያዘውም ካመመው እግር በተቃራኒ ባለው እጅ ነው። ብዙዎች ባመመው በኩል ይይዙታል፤ እግሩን አያሳርፍም።

ወለሉ ላይ ጠላት የሆኑብኝ ሦስት ናቸው። ለበዓል የሚጎዘጎዝ ቄጤማ፦ ድሮ አፈር ወለል ላይ ምንም አልነበረም፤ ሴራሚክ ላይ ግን ያንሸራትታል። በዓል አይቅር፤ ጥግ ጥጉን ጎዝጉዙ፣ እሳቸው የሚያልፉበትን ክፍት ተዉ። ሁለተኛው ሸበጥ፤ ተረከዝ የሚይዝ፣ ታቹ ላስቲክ የሆነ ጫማ ግዙላቸው። ሦስተኛው ወለል የሚጠርግ ጋቢና ቀሚስ ነው፤ አሳጥሩት።

ሌሊት ለሽንት ሲነሡ ብዙ አደጋ ይደርሳል። መብራት ቢጠፋስ? ባትሪ ትራስ ሥር ይኑር። መጸዳጃው ግቢ ውስጥ ከሆነ ፖፖ አልጋ ሥር ይቀመጥ፤ የሚያፍሩ ከሆነ አናጺ መሐሉ ክፍት የሆነ፣ ክዳን ያለው ወንበር ይሠራላቸዋል፤ ባልዲ ከሥሩ ይገባል። ቁጢጥ ማለት ያቃታቸውን ቀንም ያገለግላል።

ሲነሡ ዓይናቸውን ካጭለመለማቸው የደም ግፊታቸው እየወረደ ይሆናል። አምስት ደቂቃ ተኝተው ለኩ፣ ከዚያ ቆመው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ለኩ። የላይኛው ቁጥር 20 ወይም የታችኛው 10 ከቀነሰ ለሐኪም ንገሩ፤ የግፊት መድኃኒቱ መጠን በዝቶ ሊሆን ይችላል። እስከዚያው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን አንቀሳቅሰው፣ ከዚያ ይነሡ። በሕማማት ስግደት «እንደ ድሮው» የሚሉትን እናቶች ለንስሐ አባታቸው ንገሩላቸው፤ ግፊቱን የሚያወርደው ይኸው ከመሬት ተነሥቶ ቀጥ ማለት ነው። ተቀምጠው አንገት ዝቅ ቢያደርጉ ይበቃል የሚል ቃል ከእናንተ ከሚሰሙ ከካህን ቢሰሙ ይቀበሉታል።

ከወደቁስ? ቸኩላችሁ አታንሡ። አንዱ እግር አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ የዳሌ አጥንት ተሰብሯል ማለት ነው። እዚህ ላይ ወጌሻ አይጠራም፣ አይታሽም፣ አይጎተትም፤ በተኙበት ወደ ሆስፒታል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ጭንቅላታቸውን ከመቱ ደግሞ «ምንም አልሆኑም» ብላችሁ መዝገቡን አትዝጉ። በአረጋውያን ጭንቅላት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚፈስ ደም ከሳምንታት በኋላ እንኳ ይታያል፦ እንቅልፍ መብዛት፣ ራስ ምታት፣ መደነጋገር፣ የአንድ ወገን መዛል። ደም ማቅጠኛ ለሚወስዱ ዕለቱኑ መታየት ግድ ነው።

ውሃና ጾም

የጥም ስሜት በዕድሜ ይደክማል፤ ሰውነት ውሃ እያነሰው አፍ «ጠማኝ» አይልም። በዚያ ላይ መጸዳጃ ሩቅ የሆነባቸው አረጋውያን ሆን ብለው አይጠጡም። ስለዚህ «ሲጠማዎት ይንገሩኝ» አይሠራም፤ በሰዓት ይሰጥ። ከመድኃኒት ጋር ሙሉ ብርጭቆ፣ ከቡና በኋላ ብርጭቆ፣ አጥሚት፣ ሾርባ። የልብ ወይም የኩላሊት ድካም ያለባቸው ብቻ መጠኑን ከሐኪም ይጠይቁ።

ጾም ላይ ከእናቴ ጋር ተሟግቼ አላውቅም፤ የማላሸንፈውን አልጀምርም። ያደረግሁት ንስሐ አባቷን ቤት ጠርቼ መድኃኒቶቿን ማሳየት ነው። ቤተ ክርስቲያን ለታመመና ለደከመ ታዝናለች፤ ሙስሊም ጎረቤቶቼም መጾም ለማይችል አረጋዊ ፊድያ፣ ማለትም በጾሙ ምትክ ድሃ ማብላት፣ እንዳለ ያውቃሉ። በተለይ ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ምግብ ሳይቀምስ እስከ ቅዳሴ መውጫ መቆየት የለበትም። ስኳሩ ሲወርድ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይዘባርቃል። ሰው «ጃጀ» ይላል፤ የሚያስፈልገው ግን ስኳር ያለው ሻይ ነው።

በጾም ወቅት ሽሮና ምስር ጥሩ ናቸው፣ ግን ትልቅ ሰው አንድ ጭልፋ ወጥና ብዙ እንጀራ ስለሚበላ ከጥራጥሬው የሚያገኘው ያንሳል። ወጡን አብዙ፣ እንጀራውን ቀንሱ። ቫይታሚን ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው፤ በዕድሜ የጨጓራ አሲድ ሲቀንስ ከምግቡ መውሰዱም ይቀንሳል፣ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት ለረጅም ጊዜ መውሰድም እንዲሁ ያጎድለዋል። እጥረቱ እግር ያደነዝዛል፣ ያስረሳል። አጥባቂ ጾመኛ ሆነው ሜትፎርሚን ለሚወስዱ እናት ይህን ምርመራ ጠይቁላቸው።

የመድኃኒቱን ፌስታል ዘርግፉ

በዓመት ሁለት ጊዜ በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፉት፤ ከትራስ ሥር ያለውን፣ ከጎረቤት የተዋሱትን፣ ልጅ ከውጭ የላከውን ጭምር። አንድ ዓይነት መድኃኒት በሁለት የንግድ ስም ተገዝቶ ሁለቱም ሲዋጥ ስንቴ አይቻለሁ። ከዚያ በፌስታል ይዛችሁ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ጋ ሂዱ።

እኔ መጀመሪያ የምፈልጋቸው ሦስት ናቸው። ለጉልበት ሕመም በየቀኑ የሚዋጡት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን፤ ኩላሊት ይጎዳሉ፣ ጨጓራ ያደማሉ፣ የደም ግፊት ይጨምራሉ። ለእንቅልፍ የሚወሰደው ዲያዜፓም፤ በአረጋዊ ሰውነት ውስጥ ለቀናት ይቆያል፣ ይጥላል፣ ያደናግራል። እንቅልፍ የሚያመጡት የጉንፋንና የአለርጂ ክኒኖች፤ ሽንት ይይዛሉ፣ አእምሮ ያደነግዛሉ። ግን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ በተለይ ዲያዜፓም ለረጅም ጊዜ ተወስዶ በአንዴ ሲቆም አደገኛ ነው።

በነገራችን ላይ እንቅልፍ ራሱ ይለወጣል። ምሽት 2 ሰዓት ተኝተው ሌሊት 9 ሰዓት የሚነቁ አባት ሰባት ሰዓት ተኝተዋል፤ በሽታ የለባቸውም። ኪዳን ማድረስ ከፈለጉ ይሂዱ፣ የሚሸኛቸው ሰው ይኑር።

መርሳት

የሰው ስም አፍ ላይ ደርሶ መጥፋት፣ መነጽር የት እንዳስቀመጡ መርሳት፣ ሁለት ነገር በአንዴ መሥራት ማቃት፣ አዲስ ስልክ ለመልመድ መዘግየት፤ ይህ ዕድሜ ነው። ፍጥነት ይቀንሳል፤ ቃልና ዕውቀት ግን ይቆያል። በአሜሪካ ሲያትል እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ሰዎችን በየ7 ዓመቱ እየፈተነ የተከታተለ ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነው፤ የቃላት ችሎታ እስከ 60ዎቹ ድረስ ጸንቶ ይቆያል። ስለዚህ ሽማግሌው መልስ እስኪሰጡ ጠብቋቸው። አፋቸው ላይ ያለውን ቃል ቀምታችሁ አትጨርሱላቸው።

የመርሳት በሽታው ሌላ ነው። አሎይስ አልዛይመር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1906 ለሐኪሞች ጉባኤ የገለጻት ሴት ሆስፒታል ስትገባ ገና 51 ዓመቷ ነበር። እርጅና ቢሆን ኖሮ እሷን ባልያዛት፣ የ95 ዓመት አባቶችም ባለቅኔ ሆነው ባልኖሩ። እርግጥ ዕድሜ ስጋቱን ይጨምራል፤ ቢሆንም ሁሉም አረጋዊ የሚደርስበት አይደለም።

ምልክቱን ለማየት «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ብላችሁ አትፈትኑ፤ ጡረተኛ ቀን ቢስት ምን ይደንቃል? በሕይወታቸው የሠሩትን ነገር ተመልከቱ። ዕድሜ ልካቸውን በ12 ሚካኤልን፣ በ21 ማርያምን ሲሳለሙ የኖሩ እናት ዛሬ የማን ቀን እንደሆነ መለየት ካቃታቸው ልብ በሉ። ቡና ሲያፈሉ ቆልተው ሳይወቅጡ ጀበናውን ጥደው ግራ ከተጋቡ፣ ወጡ ውስጥ ጨው ሁለቴ ከገባ፣ ከለመዱት ሱቅ ሲመለሱ መንገድ ከጠፋባቸው፣ በ2013 ዓ.ም. የተቀየረውን አሮጌ ብር አውጥተው ሊገዙበት ከሞከሩ፣ ያንኑ ጥያቄ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ደጋግመው ከጠየቁ ደብተሩ ላይ በቀን በቀኑ ጻፉት።

ቤተሰብን የሚያታልለው የድሮ ትዝታ ነው። «የ1966ቱን አብዮት ቀን በቀን ያወራሉ፣ ምን ይረሳሉ?» ይሉኛል። ቁርስ ምን እንደበሉ ጠይቋቸው። የቆየው የሚጠፋው መጨረሻ ላይ ነው።

የቤት ሠራተኞችን የሚመለከት አንድ ነገር ልበል፤ ሰው ያልጠበቀው መነሻ ስለሆነ። «ወርቄን ሰረቀችኝ፣ ነጠላዬን ወሰደችብኝ» የሚል ክስ ከበሽታው የመጀመሪያ ምልክቶች አንዱ ነው። ራሳቸው ደብቀው የደበቁበትን ይረሱታል፣ የጎደለውን ለመሙላት ሌባ ይፈጥራሉ። ልጅቱን ከማባረራችሁ በፊት ትራስ ውስጥ፣ ጤፍ ውስጥ፣ የድሮ ሻንጣ ውስጥ ፈልጉ። እኔ የማውቃቸው ብዙ ልጆች ደመወዛቸውን ሳይቀበሉ በዚህ ምክንያት ተባረዋል።

ሲመረመሩ የታይሮይድ፣ የቢ12ና የስኳር ምርመራ ይጠየቅላቸው፤ ሐዘንም ይታይ። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ለሁሉም ጥያቄ «እኔ እንጃ» የሚሉ፣ መብላት የተዉ ሰው የመርሳት በሽታ ሳይሆን ድባቴ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ይታከማል። ከጤና ጣቢያ ተጽፎላችሁ አዲስ አበባ ላይ ጥቁር አንበሳ ወይም አማኑኤል ሆስፒታል ልትላኩ ትችላላችሁ። አማኑኤል ሲባል ቤተሰብ ይደነግጣል። አትደንግጡ፤ እዚያ የሚሄድ ሁሉ «አበደ» አይባልም። ጸበል መሄድ ከፈለጉም ይሂዱ፤ መድኃኒቱ አይቋረጥ፣ በማለዳ ቀዝቃዛ ውሃ ከተጠመቁ በኋላ ደረቅ ልብስ ይጠብቃቸው።

በሽታው ከታወቀ በኋላ ክርክር ይቁም። ከዓመታት በፊት የሞቱ ባለቤታቸውን «የት ሄዱ?» ሲሉ በየቀኑ መርዶ አትንገሯቸው፤ ለእሳቸው ሁልጊዜ አዲስ ሞት ነው። «ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ጨዋታው ይወስዳቸዋል። እንግዳ ሲመጣ «እማማ፣ ይቺን ያውቋታል?» የሚለውን ፈተና ተዉት። እንግዳዋ ራሷ ትበል፦ «እማማ፣ የታናሽ እህትዎ ልጅ ነኝ፣ ከደሴ መጣሁ»። እጃቸው የሚያውቀውን ሥራ ስጡ፤ ምስር መልቀም፣ ጥጥ መፍተል። ስልክ ቁጥራችሁን ጽፋችሁ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ስፉት፣ ለግቢው ጥበቃም ንገሩ። ደብቃችሁ ያቆያችሁት ሕመም በጠፉ ቀን የሚፈልጋቸው ሰው ያሳጣችኋል።

መቀባዠር

አሁን ወደ ርእሴ ተመለስኩ። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የተደናገረ፣ ጠዋት ደህና ሆኖ ማታ የሚቀባዥር፣ የሌለ ሰው የሚያይ፣ ወይም በተቃራኒው ዝም ብሎ የሚያንቀላፋ አረጋዊ አስቸኳይ ሕመምተኛ ነው። ዝም የሚሉት ይበልጥ ያስፈሩኛል፤ አይረብሹምና ማንም አያያቸውም። ትኩሳት ስለሌላቸው አትዘናጉ፤ በዚህ ዕድሜ የሳንባ ምች ያለ ትኩሳትና ያለ ሳል ሊመጣ ይችላል። ሐኪም ቤት ከመድረሳችሁ በፊት አራት ነገር ለራሳችሁ መልሱ፦ መጨረሻ ሽንት የሸኑት መቼ ነው፣ ሰገራስ? ባለፈው ሳምንት የተጀመረ ወይም የቆመ መድኃኒት አለ? ወድቀው ነበር? ስኳራቸው ስንት ነው? ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ ወይም አፍ ከተሳሰረ ግን ጥያቄም ደብተርም አያስፈልግም። ስትሮክ ነው፣ ሰዓቱን ያዙና ሂዱ።

ሆስፒታል ከተኙ መነጽራቸውንና መስሚያቸውን ይዛችሁላቸው ሂዱ፣ የሚያውቁት ሰው አጠገባቸው ይሁን፣ ቀን መስኮት ይከፈት። መቀባዠሩ ምክንያቱ ከታከመ በኋላም ለሳምንታት ሊጎትት ስለሚችል በሦስተኛው ቀን ተስፋ አትቁረጡ።

ውጭ ላላችሁ

እሑድ እሑድ የምትደውሉት ስልክ ያታልላችኋል። እናት ለልጇ ድምፅ ጉልበቷን ትሰበስባለች፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ፣ እናንተስ? ልጆቹስ?» ብትል ዕድሜ ልኳን ያለችው ነውና ሳታስብ ይወጣል። በቪዲዮ ደውሉ። ስልኩን ሌላ ሰው ይያዝላቸውና ሲነሡ፣ ሲራመዱ፣ ቡና ሲያቀራርቡ እዩ። አብሯቸው የምትኖረው እህታችሁ «ተለውጣለች» ስትል እመኗት፤ እኛ ስንደውል ደህና ናት ብላችሁ አትከራከሯት።

ሻንጣ ስታዘጋጁ ቫይታሚንና «ለአእምሮ» የሚባል ክኒን ተዉት። ክንድ ላይ የሚታሰር የደም ግፊት መለኪያ አምጡ፣ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው አይታመንም። ለክንዳቸው የሚሆን መጠን ይሁን፤ ሲለኩ ልብስ ላይ አይታሰር፣ ቡና ከጠጡም 30 ደቂቃ ይጠብቁ። የሰባቱን ቀን መድኃኒት የሚከፋፍል ሳጥን፣ እንቅስቃሴ ሲያይ የሚበራ ባትሪ ያለው አምፖል ሁለት፣ የከዘራ ላስቲክ፣ የመስሚያ ባትሪ በብዛት። ቦታ ከተረፈ ለምታስታምመው እህታችሁ የሚሆን ነገር ጨምሩ፤ ከሁሉ በላይ ግን ስትመጡ ሁለት ሳምንት እናንተ አስታምሙ፣ እሷ ትሂድና ትተኛ።